የሠራተኞች ሐኪም ኾኖ ለሚሾም ሰው ስለሚያስፈልገው ትምህርትና ማዕረግ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ሠፊ እርሻ ለሚያሠሩ ባለቤቶች የተጻፈ ትምህርት

ሠፊ እርሻ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሬቱ፥ ስለ ዘሩ፥ ስለ ውሃውና ስለ መኪናው ነው። ይህን ማሰቡም የተገባ ነው። ነገር ግን መሬቱን የሚያርሰው፥ ዘሩን የሚዘራው፥ ውሃውን የሚመራው፥ መኪናውንም የሚነዳው ሰው ስለ ኾነ፥ የሰው ጤና ከጐደለ የቀረው ኹሉ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ በብዙ አገር ብዙ ሠራተኛ የሚያሠራ ባለቤት ለሠራተኞቹ ሐኪም እንዲያቆምላቸው በሕግ ታዝዟል፤ በእኛም አገር በሠፋፊ እርሻዎች ዘንድ የሕክምና ክፍል አዘጋጅቶ ሐኪም፥ ጤና መኰንን ወይም ነርስ መቅጠር የታወቀ ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሐኪም ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም፤ የሚሾመው ሐኪም ምን የተማረ፥ ምንስ ነጻነት ያለው ሊኾን ይገባዋል የሚል ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ወደ ገበያ ሲወርድ ጥርሱን ያያል፥ ሰኰናውን ይመረምራል፥ ጫንቃውን ይዳስሳል፥ ዐዋቂ ጎረቤቱንም ያማክራል። የብዙ ሰዎች ሕይወት በእጁ የሚጣልበትን ሐኪም የሚቀጥር ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ደመወዙን ብቻ ነው። ይህ ልማድ እንዲቀር የሚከተለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት የኢትዮጵያ መኾናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ ክፍል፤ የሠራተኞች ሐኪም ከሌላው ሐኪም የሚለይበት ነገር

በከተማ የሚኖር ሐኪም በሽተኛው እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ሲመጣም መርምሮ መድኃኒቱን ይሰጠዋል። የሠራተኞች ሐኪም ግን ከዚህ በላይ ሥራ አለው። ሰው ከመቀጠሩ በፊት ለሚሰጠው ሥራ ጤናው የሚችል መኾኑን ይመረምራል፤ ከተቀጠረም በኋላ በየጊዜው ያየዋል፤ ወደ ማሳው፥ ወደ ጐተራው፥ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ እየሄደ ጤናን የሚጐዳውን ነገር ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ለባለቤቱ አስታውቆ የሚስተካከልበትን መንገድ ይመክራል። በአጭር ቃል የሌላው ሐኪም ሥራ የታመመውን ማዳን ሲኾን፥ የዚህ ሐኪም ሥራ በተለይ ጤነኛው እንዳይታመም መጠበቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሥራ እንደ መመሪያ ይኾናል።

ይህ ጥበብ አባት አድርጎ የሚቈጥረው በርናርዲኖ ራማዚኒን ነው። እርሱም በ1633 ዓ.ም. በኢጣልያ በካርፒ ከተማ ተወልዶ በሞዴናና በፓዶቫ ያስተማረ ሐኪም ነበር። በሞዴና ሳለ የቤቱን የቈሻሻ ጕድጓድ የሚጠርግ ሰው እጅግ ሲቻኰል አይቶ ስለ ምን እንዲህ እንደሚደክም ጠየቀው። ሰውዬውም በዚያ ጕድጓድ ብዙ ሰዓት የቈየ ዐይኑ እንደሚቃጠልና ሲደጋግመውም እስከ መታወር እንደሚደርስ ነገረው። ራማዚኒ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ወደ ሸክላ ሠሪው፥ ወደ አንጥረኛው፥ ወደ ገበሬውም ስፍራ እየሄደ የእያንዳንዱን ሥራ ጕዳት መረመረ፤ በ1700 ዓ.ም.ም ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። የቀድሞ ሐኪሞች በሽተኛውን በሚጠይቁት ላይ እርሱ አንዲት ጥያቄ ጨመረ፤ ይህችውም ሥራህ ምንድን ነው የምትል ናት።

ይህች ጥያቄ ቀላል ብትመስልም ያልተማረ ሰው አይጠይቃትም፤ ቢጠይቅም መልሱን ከበሽታው ጋራ ማገናኘት አይችልም። ለዚህ ከአገራችን አንድ ምስክር እንጥቀስ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኘው በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለሠራተኞች መጠጥ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛበት ነበር። የሠራተኞቹ ልጆች ጥርስ በለዘ፤ ይህን ውሃ ለብዙ ዓመት የጠጡትም ሠራተኞች ጀርባቸውና አንገታቸው እየተገተረ ሄደ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በተደረገው የሐኪሞች ምርመራ ነገሩ ተገልጾ ተጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የፍሎራይድ ልክ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ነገሩን አስተውሉ። አገዳ የሚቈርጥና ሸክም የሚሸከም ሰው ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ሲመጣ፥ ሌላ ያልተማረ ሐኪም ድካም ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ይመልሰዋል፤ ሰውዬውም ተመልሶ ያንኑ ውሃ ይጠጣል። ስለ ሥራ ስፍራ የተማረው ሐኪም ግን አንዱን ሰው ብቻ አይቶ አያበቃም፤ ይህ ሕመም ያለባቸው ስንት ናቸው፥ የሚኖሩት በየትኛው ሰፈር ነው፥ ስንት ዓመት ቈዩ፥ የሚጠጡትስ ከየት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገቡንም ያመሳክራል። አንዱ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ሁለተኛው ምንጩን ያደርቃል።

2ኛ ክፍል፤ ማንም ሐኪም ይበቃል ማለት ያመጣው ጕዳት

በእንግሊዝ አገር በ1833 ዓ.ም. የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች የኾነ ልጅ ከሐር ፋብሪካ በቀር በመፍተያና በመሸመኛ ፋብሪካዎች እንዳይሠራ ከለከለ። በዚያ ጊዜ ግን የመንግሥት የልደት መዝገብ ገና አልነበረም፤ የተጀመረው በ1837 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልጁ በሐኪም ፊት ቀርቦ ቁመናውና ጕልበቱ የ9 ዓመት ልጅ መኾኑን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲቀበል ሕጉ አዘዘ። ሐኪሞቹም ቁመቱን እየለኩ ጥርሱንም እያዩ ይፈርዱ ነበር።

ሕጉ ግን አንድ ነገር ዘነጋ፤ የትኛው ሐኪም እንደሚፈርም አልወሰነም። ከዚህ የተነሣ ባለ ፋብሪካው ወይም የልጁ ወላጅ እሺ ባይ ሐኪም ፈልጎ ማስፈረም ቻለ፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ወረቀት እየያዙ ወደ ሥራ ገቡ። ጕዳቱ ከታየ በኋላ በ1844 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ወረቀት የሚሰጡትን ሐኪሞች የመንግሥት የፋብሪካ ተቈጣጣሪዎች እንዲሾሟቸው አደረገ። እንግሊዞች ይህን ለማረም 11 ዓመት ፈጀባቸው። ትምህርቱ ግን ለማንም አገር ይጠቅማል፤ ሐኪም የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይኾንም፤ ማን እንደ ሾመው፥ ምን እንደ ተማረ፥ ለማንስ እንደሚታመን አብሮ መታወቅ አለበት።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የኾነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። በገጠር የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ልጆች ብዙ ናቸውና፥ ዕድሜው ያልታወቀ ልጅ ለመልቀም ወይም ለአረም ሲመጣ የሐኪሙ ቃል የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የሐኪሙ እውነተኛነት የልጁ ጋሻ ነው።

3ኛ ክፍል፤ ሦስቱ መመዘኛዎች

ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. በሰጠው የምክር ቃል፥ ከዚያም በ1985 ዓ.ም. በወጣው በቍጥር 161 ስምምነትና ከእርሱ ጋራ በወጣው አዲስ የምክር ቃል የዚህን ሐኪም ነገር አስፍሯል። ከእነዚህና ከልዩ ልዩ መንግሥታት ሕግ ተሰብስቦ ሲታይ፥ መመዘኛው በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው በሕክምና ሥራ ለመሥራት የሚያበቃ የታወቀ ትምህርትና የጸና የሙያ ፈቃድ ነው። ሰውዬው ከታወቀ ትምህርት ቤት የተመረቀበትን ዲፕሎም፥ ፈቃድ ለመስጠት ሥልጣን ካለው የጤና መሥሪያ ቤት የተቀበለውን የሥራ ፈቃድም ማሳየት አለበት። ፈቃዱ ጊዜው ያላለፈ መኾኑን ማየት ይገባል። ቅጂውን ተቀብሎ ከማስቀመጥ ዋናውን ማየትና ወረቀቱን የሰጠውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ስለ ሥራ ስፍራ ጤና የተማረው ልዩ ትምህርት ነው። የ1959ኙ የምክር ቃል ሐኪሙ በተቻለ መጠን ይህን ልዩ ትምህርት የተማረ እንዲኾን፥ ይህም ባይቻል የሥራ ስፍራን ንጽሕና፥ የድንገተኛ አደጋን ሕክምና፥ ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን፥ የሠራተኞችንም ጤና የሚመለከቱ ሕጎችን የሚያውቅ እንዲኾን ይመክር ነበር። የ1985 ዓ.ም. ስምምነት ደግሞ የሚያስፈልገውን ማዕረግ እንደ ሥራው ዐይነትና እንደ አገሩ ልማድ የሚወስነው ሥልጣን ያለው የመንግሥት ክፍል መኾኑን ይናገራል። ይህም ማለት መመዘኛውን ባለቤቱ ወይም ሐኪሙ እንደ ፈቀደ የሚያወጣው አይደለም።

ሦስተኛው ነጻነት ነው። ሐኪሙ ከባለቤቱም ከሠራተኞቹም ወገን ሳይኾን በሙያው ብቻ እንዲፈርድ ሕጉ ሊጠብቀው ይገባል። ይህ ሦስተኛው ከትምህርት የማይቈጠር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ያየውን መናገር የማይችል ሐኪም ምን ቢማር ትምህርቱ በደረቱ ውስጥ የተቈለፈ ነው።

4ኛ ክፍል፤ ሌሎች መንግሥታት እንዴት እንደ ወሰኑ

በጃፓን አገር በ1972 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ስፍራ ደኅንነትና ጤና ሕግ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለበት የሥራ ስፍራ ኹሉ የሠራተኞች ሐኪም እንዲሾም ያዝዛል። ሠራተኞቹ 1,000 ሲደርሱ፥ ሥራው ለጤና የሚያሠጋ ሲኾን ደግሞ 500 ሲደርሱ፥ ሐኪሙ ሙሉ ጊዜውን ለዚያ ስፍራ የሚሰጥ መኾን አለበት። ከ3,000 ሲበልጡ ሁለት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ። አስቀድሞ ፈቃድ ያለው ሐኪም ኹሉ ሊሾም ይችል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ግን ሕጉ ተሻሽሎ ልዩ ማዕረግ የግድ ኾነ።

ወደዚህ ማዕረግ የሚደርሱባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ብዙዎቹ ሐኪሞች የጃፓን ሐኪሞች ማኅበር የሚሰጠውን የ50 ሰዓት ትምህርት ፈጽመው ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ ይህም ወረቀት በየ5 ዓመቱ የሚታደሰው 20 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ሲማሩ ነው። ሌሎቹ በ1978 ዓ.ም. በኪታክዩሹ ከተማ ለዚሁ ጥበብ ከተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ናቸው፤ ወይም የመንግሥትን የጤና አማካሪነት ፈተና ያለፉ፥ ወይም ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። የተሾመውም ሐኪም በቢሮ ተቀምጦ እንዳይቀር የሥራውን ስፍራ በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ተዘዋውሮ እንዲያይ ታዝዟል፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ባለቤቱ አስፈላጊውን ወሬ በየወሩ የሚሰጠው ሲኾንና ሲስማማ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ሊኾን ይችላል። የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ሐኪም ቢኾን እንኳ ለገዛ ሠራተኞቹ ይህን ሹመት እንዳይዝ ተከልክሏል።

በፈረንሳይ አገር በ1946 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለሠራተኞች ሐኪም ማቆምን ግዴታ አደረገ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ስለ እርሻ ሠራተኞች ሕክምና ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ። የእርሻ ሥራ በሽታ ከፋብሪካ በሽታ የተለየ መኾኑን ስለ ተረዱት፥ በቱር ከተማ ሐኪሞች የእርሻን ሕክምና የሚማሩበት ተቋም አላቸው። በጀርመን አገር በ1973 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሐኪሙ የሕክምና ፈቃድና የሥራ ሕክምና ልዩ ዕውቀት እንዲኖረው ካዘዘ በኋላ፥ በሙያው ጕዳይ ከማንም ትእዛዝ እንደማይቀበልና ለሐኪምነቱ ኅሊና ብቻ እንደሚገዛ ይናገራል።

ከእነዚህ ሦስት አገሮች የምንማረው መንገዱ ልዩ ልዩ ቢኾንም ፍሬ ነገሩ አንድ መኾኑን ነው። ሐኪምነት አንድ ነገር ነው፤ የሠራተኞች ሐኪምነት ደግሞ በዚያ ላይ የሚጨመር ሌላ ትምህርት ነው።

5ኛ ክፍል፤ የእርሻ ሠራተኞች ሐኪም በተለይ ሊያውቀው የሚገባ

በእርሻ ላይ ከሚደርሱት ጕዳቶች አስቀድሞ የሚጠራው የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ወገኖች በአፍ ብቻ ሳይኾን በቈዳና በትንፋሽም ይገባሉ። በሰው ደምና ነርቭ ውስጥ የሚገኘውን ኮሊንስትሬዝ የተባለውን ነገር ስለሚያግዱት፥ ነርቭ ልጓም እንደ ሌለው ፈረስ ይኾናል። በሽተኛው ራሱን ያመዋል፥ ያልበዋል፥ ምራቁ ይበዛል፥ ያስታውከዋል፥ የዐይኑ ብሌን ይጠባል፥ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፥ ሲጠናበትም ትንፋሹ ያጥረዋል። ያልተማረ ሰው ራስ ምታቱን፥ ላቡንና ማስታወኩን አይቶ ወባ ነው ሊል ይችላል። የተማረው ግን የብሌኑን መጥበብ አይቶ፥ ዛሬ ምን ስትረጭ ዋልህ ብሎ ጠይቆ፥ ልብሱን አስወልቆ ገላውን በውሃና በሳሙና ያሳጥበዋል፤ አትሮፒን የተባለውንም መድኃኒት በልኩ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የሐኪሙ ትምህርት በሕይወትና በሞት መካከል የቆመ ነው።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ወደዚያ ሳይደርስ መጠበቅ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት እነዚህን ብርቱ መድኃኒቶች በ30 ቀን ውስጥ ከ6 ቀን በላይ የሚይዙ ሠራተኞች ያሉት የእርሻ ባለቤት ከሐኪም ጋራ በጽሑፍ ይዋዋላል። ሐኪሙ መርጨት ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደም አስመርምሮ የኮሊንስትሬዙን ልክ መነሻ አድርጎ ይጽፋል፤ ከዚያም በየጊዜው ያስመረምራል። ልኩ ከመነሻው ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ባለቤቱ የአሠራሩን ጕድለት መመርመር አለበት። በቀይ የደም ሕዋስ ያለው ልክ ወደ 70 በመቶ፥ ወይም በፕላዝማ ያለው ወደ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ሠራተኛው ከመድኃኒቱ ይርቃል፤ ወደ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እስኪመለስም ድረስ መድኃኒቱን እንደ ገና አይነካም። ይህን ሥርዓት ተመልከቱ፤ ሰውዬው ገና ሳይታመም፥ ምንም ሳይሰማው፥ አደጋው ከደሙ ታውቆ ይድናል። እንዲህ ያለውን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ይህን የተማረ ሐኪም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጕዳት የፀሐይ ግለት ነው። በ2002 ዓ.ም. በኤል ሳልቫዶር የሚገኙ ሐኪሞች የስኳር በሽታም የደም ግፊትም የሌለባቸው ብዙ ወንዶች በኵላሊት መድከም መታመማቸውን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ይኸው በሽታ በመካከለኛው አሜሪካ በሸንኰራ አገዳ ቈራጮች ላይ እንደሚበዛ ታወቀ። ምክንያቱ በሙሉ ተለይቶ ባያልቅም፥ በግለት ውስጥ ከባድ ሥራ ከውሃ ጥም ጋራ መሥራት ብርቱ ድርሻ እንዳለው የሚያመለክት ምስክር ተሰብስቧል። ስለዚህ ውሃ፥ ጥላና የተወሰነ የዕረፍት ጊዜ ለሠራተኛ የሚደረግ ቸርነት ሳይኾን የሕክምና ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው የትቢያና የሻጋታ ጕዳት ነው። በጥጥ መዳመጫ የሚሠራ ሰው ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን ደረቱ የሚታፈን እንደ ኾነ ይህ የጥጥ ትቢያ በሽታ ምልክት ነው። የሻገተ ድርቆሽ የሚያገላብጥ ሰውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትኵሳትና ሳል ሲይዘው ጕንፋን ይመስላል፤ ሲደጋገም ግን ሳንባን ያጠፋል። አራተኛው ከእንስሳት የሚመጣው ነው። አባ ሰንጋ በሞተ ከብት ቈዳና ሥጋ ይተላለፋል፤ ከብት የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስም በውርጃው ፈሳሽና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል። ስለዚህ የእርሻው ሐኪም ከእንስሳት ሐኪሙ ጋራ ወሬ መለዋወጥ አለበት። ከዚህም ሌላ የእባብ ንክሻ፥ የመኪና አደጋ፥ የመንጋጋ ቈልፍ በየቀኑ የሚጠበቁ ናቸው።

6ኛ ክፍል፤ ስለ ሐኪሙ ነጻነትና ስለ ምስጢር

አንዳንድ ባለቤት፥ እንጀራዬን እየበላ በእኔ ላይ ይመሰክራልን? ብሎ ይጠይቅ ይኾናል። መልሱ እንዲህ ነው። ዕዳውን የሚደብቅ መዝገብ ያዥ ለጌታው ወዳጅ እንዳልኾነ፥ አደጋውን የሚሸሽግ ሐኪምም ለባለቤቱ ወዳጅ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ቃል ስለ አንድ ሰው እንደ ተነገረ ስለ አንድ እርሻም ይነገራል።

ለዚህ ነጻነት ምሳሌ የሚኾነው እንግሊዛዊው ቶማስ ሌግ ነው። በ1898 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንግሥት የፋብሪካ ሐኪም ተቈጣጣሪ ኾኖ ተሾመ፤ በእርሳስ የሚመረዙትንም ሠራተኞች ነገር ብዙ ዓመት መረመረ። በ1921 ዓ.ም. ነጭ እርሳስ የተባለውን ቀለም የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደርጎ ሳለ መንግሥቱ አላጸድቅም ስላለ፥ በ1926 ዓ.ም. ሹመቱን ትቶ ወጣ። ሹመቱ ከእውነቱ እንደማይበልጥ በሥራ አሳየ። ሐኪም ኹሉ እንዲህ እንዲያደርግ ግን መጠበቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ሕግ ሊረዳው ይገባል። በፈረንሳይ አገር የሠራተኞች ሐኪም ያለ ሥራ ተቈጣጣሪው ፈቃድ አይሰናበትም።

ምስጢርም ከነጻነት ጋራ ይሄዳል። ሐኪሙ ለባለቤቱ ሊነግር የሚገባው ሠራተኛው ለሥራው ይችላል ወይም አይችልም፥ ወይም በዚህና በዚህ ጥንቃቄ ይችላል የሚለውን ነው እንጂ የበሽታውን ስም አይደለም። ምስጢሩ እንደማይጠበቅለት ያወቀ ሠራተኛ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ የሸሸገው ሕመምም በሥራ ላይ ይጥለዋል። ደግሞ የ1985ቱ ስምምነት እነዚህ ሐኪሞች ከሥራ የቀረው ሠራተኛ በእውነት ታሟል ወይስ አልታመመም ብለው እንዲመረምሩ እንዳይታዘዙ ይከለክላል። ሐኪም እንደ ዘበኛ ከተቈጠረ ማንም ልቡን አይከፍትለትም።

7ኛ ክፍል፤ ከሹማምንትና ከእርሻ ባለቤቶች የሚጠበቅ

ዐዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ የሚቀጠሩትንና በአደገኛ ሥራ ያሉትን ሠራተኞች አስፈላጊ ሲኾን በገዛ ወጪው እንዲያስመረምር ያዝዛል። ይህ ምርመራ ለይስሙላ እንዳይቀር፥ ሐኪም የሚቀጥር ባለቤት አስቀድሞ፥ ሥራውን የሚጐበኝ ሹምም ከዚያ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1ኛ፤ የሐኪሙ ዲፕሎምና የሙያ ፈቃድ ዋናው ታይቷልን? የሰጠውስ መሥሪያ ቤት አረጋግጧልን?

2ኛ፤ ስለ ሥራ ስፍራ ጤና ልዩ ትምህርት ተምሯልን? ካልተማረስ በስንት ጊዜ ውስጥ ሊማር በውሉ ተጽፏልን?

3ኛ፤ በዚህ እርሻ የሚረጨውን መድኃኒት ኹሉ ስሙንና መፍትሔውን ያውቃልን? አትሮፒንና የመተንፈሻ መሣሪያ በእጁ አለን?

4ኛ፤ ማሳውን፥ መጋዘኑን፥ የውሃውን ጕድጓድና የሠራተኞቹን መኖሪያ በየስንት ጊዜ ያያል? ያየውንስ የጻፈበት መዝገብ አለን?

5ኛ፤ ምክሩን ለባለቤቱ በጽሑፍ ያቀርባልን? ባለቤቱስ የመለሰው መልስ ተጽፏልን?

6ኛ፤ የሠራተኞቹ የሕክምና መዝገብ ከደመወዝ መዝገብ ተለይቶ በሐኪሙ ቍልፍ ይጠበቃልን?

ልዩ ትምህርት ያለው ሐኪም በየስፍራው እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ይህ ግን ነገሩን ለመተው ምክንያት አይኾንም። የ1985ቱ ስምምነት ብዙ የሥራ ስፍራዎች ተባብረው አንድ የጤና አገልግሎት እንዲያቆሙ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በአንድ ወንዝ ዳር ያሉ አምስት ስድስት እርሻዎች አንድ የተማረ ሐኪም በጋራ ሊቀጥሩ ይችላሉ። ሐኪሙ በተወሰነ ቀን ወደ እያንዳንዳቸው ይሄዳል፤ በቀሩት ቀኖች ጤና መኰንኖችና ነርሶች በእርሱ መሪነት ይሠራሉ። በ1954 ዓ.ም. የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ሐኪም በማይገኝበት ገጠር የሚሠሩ ጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን ለማሠልጠን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የመድኃኒት መመረዝንና የግለት ጕዳትን ለይቶ እንዲያውቅ ተጨማሪ ትምህርት ቢሰጠው ብዙ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ያልተማረውን ሥራ እንዲፈርም ማስገደድ አይገባም፤ ማዕረጉም በበሩ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ይገለጥ፥ ሠራተኛው ማን እንደሚያክመው ይወቅ።

ስለ ወጪው የሚጨነቅ ባለቤት ቢኖር ይህን ያስብ። የለመደ ሠራተኛ ሲታመም በእርሱ ፈንታ ሌላ ማስተማር፥ ለተጐዳው ካሳ መክፈል፥ በመከር ጊዜ እጅ ማጣት የሐኪሙን ደመወዝ የሚያህል ወይም የሚበልጥ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ሠራተኛው እርሻውን ብሎ ከቤቱ የወጣ፥ ሚስትና ልጆች በማታ የሚጠብቁት ሰው ነው። ሹሙም በየጕብኝቱ የእህሉን ክምር ከማየቱ በፊት የሐኪሙን መዝገብ ይመልከት፤ መዝገቡ ባዶ የኾነበት እርሻ ጤና የሰፈነበት ነው ብሎ ሳይቸኵል፥ መርማሪ ያጣ እንዳይኾን አስቀድሞ ይጠይቅ።